ሥዕል ከመተርጎማችሁ በፊት እዩት፦ ከደሴ ፍሬም ቤት

ደሴ ፒያሳ አካባቢ ትንሽ ፍሬም ቤት አለችኝ። እንጨት እቆርጣለሁ፣ መስታወት እገጥማለሁ፣ ሸራ እወጥራለሁ። የምረቃ ፎቶ ይመጣል፣ የካዕባ ፎቶ ይመጣል፣ የመጨረሻው እራት ፖስተር ይመጣል፣ ቅዱስ ጊዮርጊስ ይመጣል። አንዳንዴ ደግሞ ተማሪዎች ከኢንተርኔት ያሳተሙትን ሥዕል ጠቅልለው ይመጡና «እትዬ፣ ይሄ ምን ማለት ነው? ሰኞ የምናቀርበው አሳይመንት ነው» ይሉኛል። ፍሬም አያሠሩም፤ ለጥያቄው ብቻ ነው የሚመጡት። አብሽሩ፣ ጥያቄ አላስከፍልም። የሥዕል መምህርነት ነው የተማርኩት፤ ኋላ ነው እንጨቱ ያሸነፈኝ።

መልሴ ግን አይጥማቸውም። «መጀመሪያ የምታዩትን ንገሩኝ» እላቸዋለሁ። እነሱ የሚፈልጉት ትርጉሙን ነው፤ ያውም በሦስት መስመር።

ሥዕል ሲተነተን ሁለት ነገር ይደባለቃል። አንዱ አሁን ዓይናችሁ የሚያየው ነው። ሌላው ከዚህ በፊት የሰማችሁት፣ ያነበባችሁት፣ ከቤታችሁ ይዛችሁት የመጣችሁት ነው። ሁለቱም ያስፈልጋሉ። ግን በየወረቀታቸው ይቀመጡ። ስታይል፣ ማለትም ሥዕሉ እንዴት እንደተሳለ፣ በአብዛኛው ከመጀመሪያው ወረቀት ይወጣል። ምልክት፣ ማለትም አንድ ነገር ሌላ ነገር ወክሎ መቆሙ፣ ሁለተኛውን ወረቀት ይፈልጋል። ይሄ ጽሑፍ ስለነዚህ ሁለት ወረቀቶች ነው። ዓመቶቹን በአውሮፓ አቆጣጠር ነው የምጽፈው፤ በእኛ ሲሆን ዓ.ም. እላለሁ።

ርዕሱን ሸፍኑት

ሥዕሉን ፊታችሁ አቁሙና ርዕሱንና የሠዓሊውን ስም ሸፍኑ። ስሙን ካያችሁ አለቀ፤ ፒካሶ የሚለውን ያነበበ ሰው ከዚያ በኋላ የሚያየው ፒካሶን ነው። አንድ ስኒ ቡና የሚጠጣበትን ያህል ዝም ብላችሁ ተመልከቱ። ከዚያ ጻፉ። ስንት ሰው አለ? ወዴት ነው የሚያዩት? ብርሃኑ ከየት በኩል ይመጣል? ጥላ አለ ወይስ የለም? ትልቁ ነገር ምንድን ነው? ዓይናችሁ መጀመሪያ የት አረፈ፣ ከዚያስ ወዴት ሄደ? ብሩሹ ያለፈበት ይታያል ወይስ ተለስልሶ ጠፍቷል?

«ያዘነች ሴት» ብላችሁ እንዳትጽፉ። ማዘኗን ማን ነገራችሁ? «አንገቷን የደፋች፣ መዳፏን ጉንጯ ላይ ያደረገች ሴት» በሉ። ሐዘኑ በሁለተኛው ወረቀት ላይ ይደርሳል።

የሚረዱ ሁለት ዘዴዎች አሉ። ዓይናችሁን ጨፈን አድርጋችሁ እዩ፤ ዝርዝሩ ይጠፋና ጨለማውና ብርሃኑ ብቻ ይቀራል። ወይም ሥዕሉን ገልብጡት። ይሄን የለመድኩት ሱቅ ውስጥ ነው፤ ሥራ የሚጠብቅ ሥዕል እንደተመቸ ነው የሚደገፈው። ሲገለበጥ ሰውየው ሰውነቱ ይቀርና ቅርጽ ይሆናል። ክብደቱ ወደ የትኛው ጎን እንዳጋደለ ወዲያው ታያላችሁ። ቅዱሳት ሥዕላትን ግን አትገልብጡ፤ ባለቤቱ ቆሞ እያየማ ጭራሽ።

ከሚታወቀው ጀምሩ

ተማሪዎች ከአውሮፓ መጀመር ይወዳሉ። እኔ ከቤተ ክርስቲያን ግድግዳ ነው የማስጀምራቸው። ሙስሊም ነኝ፤ ግን ወሎ ያደገ ሰው የጊዮርጊስን ፈረስ ቀለም ለማወቅ ክርስቲያን መሆን አያስፈልገውም።

የቅዱስ ጊዮርጊስን ባህላዊ ሥዕል እዩ። ነጭ ፈረስ አለ፣ ከሥሩ ዘንዶ፣ ዳር ላይ ዛፍ፣ ዛፉ ላይ ብሩታዊት። በመጀመሪያው ወረቀት ላይ ምን ይጻፋል? ፈረሱ መሬት ላይ ጥላ አይጥልም። ቀለሙ ጠፍጣፋ ነው፤ በጥቁር መስመር ታጥሯል። ሩቅ የሚባል ነገር የለም፤ ሁሉም ነገር ፊት ለፊት ቆሟል። ዓይኖቹ ትልልቅ ናቸው።

አሁን ሁለተኛው ወረቀት። በዚህ አሳሳል ጻድቃን ፊታቸውን ወደ ተመልካቹ መልሰው ሁለት ዓይናቸው ይታያል። ክፉዎች በጎን ይሳላሉ፤ አንድ ዓይን ብቻ አላቸው። ሰይጣን እንዲያ ነው፣ ይሁዳ እንዲያ ነው፣ ክርስቶስን የሚገርፉት እንዲያ ናቸው። ሠዓሊው ያውቀዋል፣ ምእመኑም ያውቀዋል። ሥዕሉ ላይ ግን የትም አልተጻፈም። ምልክት የሚሠራው እንዲህ ነው፤ በሠዓሊውና በተመልካቹ መካከል ስምምነት ሲኖር። ስለዚህ ስለ ማንኛውም ምልክት ስትጽፉ «ስምምነቱ በእነማን መካከል ነበር?» ብላችሁ ጠይቁ። ይቺን ጥያቄ ያዙልኝ፤ ኋላ ትፈለጋለች።

ስታይሉ ደግሞ ዘመኑን ይጠቁማል። በ17ኛው ክፍለ ዘመን የነበረው ቀዳማዊ ጎንደር የሚባለው አሳሳል ጀርባውን አንድ ወጥ አድርጎ ይቀባል፤ ፊት ላይ ጥላ እምብዛም የለም፣ መስመሩ ጥርት ያለ ነው። በ18ኛው ክፍለ ዘመን ዳግማዊ ጎንደር መጣ። ፊቱ በጥላ ይከብባል፤ ጀርባው ከአንዱ ቀለም ወደ ሌላው ቀስ እያለ ይሸጋገራል፤ ልብሱ ከውጭ የገባ አበባ ያለው ጨርቅ ይሆናል። ሁለቱን ጎን ለጎን አድርጋችሁ ፊቶቹን ብቻ አወዳድሩ። ከዚያ በላይ ማብራሪያ አያስፈልግም።

ድንግል ማርያም ልጇን አቅፋ፣ እጆቿን አሻግራ፣ በጣቶቿ መሐረብ ይዛ ካያችኋት ሥሩ ሩቅ ነው። ሮም ሳንታ ማሪያ ማጆሬ ቤተ ክርስቲያን ያለው ሥዕል ነው መነሻው፤ ቅጂው ኢየሱሳውያን ከሚባሉት የካቶሊክ ሚሲዮናውያን ጋር ወደዚህ ገባ። የእኛዎቹ ሠዓሊዎች እንዳለ አልገለበጡትም። ዓይኑን አሰፉት፣ ግራና ቀኝ ሰይፍ የመዘዙ ሚካኤልንና ገብርኤልን አቆሙበት። ስለ ስታይል ስትጽፉ በጣም የሚጠቅመው ይሄ ነው፤ የመጣው ነገር ላይ ምን ተጨመረ፣ ምን ተቀነሰ?

«የድሮ ሠዓሊዎች ርቀት መሳል አይችሉም ነበር» የሚል ደንበኛ አለ። ያበሳጨኛል። የጸሎት ሥዕል መስኮት አይደለም፤ ከጀርባው ያለውን ሜዳ እንዲያሳያችሁ አልተሠራም። ያልፈለገውን ነገር አልቻለም ብሎ መፍረድ ትንተና አይባልም።

ያው የዓይን ስምምነት ከቤተ ክርስቲያን ወጥቶ የዓድዋ ሥዕሎች ላይ ገብቷል። በባህላዊዎቹ ሥዕሎች ላይ ጣሊያኖቹ በጎን ናቸው፤ የእኛዎቹ ፊታቸውን ወደ እኛ መልሰዋል። ጊዮርጊስ ከላይ አለ። ምኒልክ ጃንጥላ ተይዞላቸዋል፣ ጣይቱ ፈረስ ላይ ናቸው። የደሴ ሰው ግን ይሄን ሁሉ አልፎ ራስ ሚካኤልንና የወሎን ፈረሰኛ ነው የሚፈልገው። እዚሁ ደሴ ያለው አይጠየፍ አዳራሽ የእሳቸው አይደል? እንዲህ ያለው ፍለጋም በሁለተኛው ወረቀት ላይ ይጻፍ፤ ከቤት ይዛችሁት የመጣችሁት ነውና።

ክር ዘርጉ

ከሁሉ በላይ የምሠራው ፍሬም የመጨረሻው እራት ነው። ሊዮናርዶ ዳ ቪንቺ ከ1495 እስከ 1498 ገደማ ሚላን ውስጥ፣ የአንድ ገዳም መመገቢያ ክፍል ግድግዳ ላይ ሳለው። ስፋቱ ወደ 9 ሜትር ይጠጋል። እኛ ቤት ያለው ፖስተር የቅጂ ቅጂ ሊሆን ይችላል። ማወቂያው ቀላል ነው፤ ከጠረጴዛው ሥር የኢየሱስ እግር ከታየ በቀጥታ ከግድግዳው አልተነሳም። በ1652 እዚያ ግድግዳ ላይ በር ሲከፈት እግሩ ያለበት ቦታ አብሮ ተቆርጧል።

አሁን ስፌት ክር አምጡ። ፖስተሩን ጠረጴዛ ላይ ዘርጉ። የጣሪያውን አግዳሚዎችና የግድግዳዎቹን ላይኛ ጠርዝ እየተከተላችሁ ክሩን ወደ መሃል ወጥሩ። መስመሮቹ ሁሉ አንድ ቦታ ይገናኛሉ፤ ኢየሱስ ራስ ላይ፣ ጆሮ ግንዱ አካባቢ። ግድግዳው ሲታደስ እዚያው ቦታ ላይ የሚስማር ቀዳዳ ተገኝቷል። ሊዮናርዶም እንደ እኛ ሚስማር መትቶ ክር ወጥሯል ማለት ነው። በሚስማር የምተዳደር ሰው ነኝና ይሄን ባነበብኩ ቀን ደስ ብሎኛል።

ይሄ የርቀት ስሌት የሕዳሴ ዘመን (ሬኔሳንስ የሚባለው) ሥዕል ዋና መታወቂያ ነው። እዚህ ግን ሌላ ሥራም ይሠራል። ራሱ ዙሪያ የወርቅ ክብ አልተሳለም። ክፍሉ በሙሉ ወደ እሱ ያመለክታል፤ ከኋላው ያለው መስኮት ደግሞ በብርሃን ይከበዋል። ስታይሉ ራሱ የምልክቱን ሥራ ወሰደ።

ይሁዳን ፈልጉት። ደቀ መዛሙርቱ ሦስት ሦስት ሆነው ተቧድነዋል። ከኢየሱስ ጎን ባለው ቡድን ውስጥ አንዱ ወደ ኋላ ሸሸት ብሏል፤ ፊቱ ጥላ ውስጥ ነው፤ እጁ ቦርሳ ጨብጧል። ከሊዮናርዶ በፊት የነበሩ ብዙ የጣሊያን ሠዓሊዎች ይሁዳን ከጠረጴዛው ወዲህ ብቻውን ያስቀምጡት ነበር። የእኛው ሠዓሊ ደግሞ አንድ ዓይን ሰጠው። ጥያቄው አንድ ነው፤ ከሃዲውን ከሌሎቹ በምን እለየዋለሁ? ሦስቱም በየራሳቸው መንገድ መለሱት። ሁለት የሥዕል ዘመኖችን አወዳድሩ ስትባሉ እንዲህ አንድ ጥያቄ ፈልጉና መልሶቹን ጎን ለጎን አቁሙ። «ይሄኛው ሕዳሴ ነው፣ ያኛው ጎንደር ነው» ብሎ መዘርዘር ማወዳደር አይደለም።

ውሻው ውሻ ሊሆን ይችላል

ምልክት ፍለጋ ሱስ ነው። አንዴ የጀመረ ሰው ወንበሩም ይተረጎምልኝ ይላል።

ያን ቫን ኤይክ በ1434 የሳለው የአርኖልፊኒ ባልና ሚስት ሥዕል ለዚህ ልምምድ ጥሩ ነው። ለንደን ብሔራዊ ጋለሪ ነው ያለው፤ በስልካችሁ አውጡትና አጉሉት። ቁመቱ 82፣ ወርዱ 60 ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው። አልጋ ያለበት ክፍል ውስጥ ወንድና ሴት እጅ ለእጅ ተያይዘው ቆመዋል። ከላይ ባለው መቅረዝ ላይ በቀን አንድ ሻማ ይበራል። ጫማ ወልቆ ተቀምጧል። መስኮቱ ጋ ብርቱካን አለ። ከኋላ ክብ መስታወት አለ፤ እሱ ውስጥ በር ላይ የቆሙ ሌሎች ሁለት ሰዎች ይታያሉ። ከመስታወቱ በላይ ሠዓሊው እዚህ እንደነበረ ስሙንና ዓመቱን ጽፏል። እግራቸው ሥር ውሻ አለ።

መጽሐፍ ብትከፍቱ ውሻው ታማኝነት ነው፣ ሻማው የእግዚአብሔር ዓይን ነው፣ ሴትየዋ ነፍሰ ጡር ናት የሚል ታገኛላችሁ። አጥኚዎች ዛሬም ይከራከሩበታል። ሆዷ ግን በዘመኑ ፋሽን የበዛው ጨርቅ ነው፤ ሰብስባ ይዛዋለች፣ ልብ ብላችሁ እጇን እዩ። አክስቴ ይሄን ሥዕል ሳሳያት «ውሻ አልጋ ያለበት ቤት ምን ይሠራል?» ነው ያለችው። ተመልከቱ፤ ብሩዥ ከተማ ለነበረ ሀብታም ነጋዴ ትንሽ ውሻ የቤት ጌጥ ነው፣ ለአክስቴ ደግሞ ሰላት የሚሰገድበትን ቤት የሚያረክስ ነው። ስምምነቱ በእነማን መካከል ነበር?

አንድ ነገር ምልክት ነው ብላችሁ ከመጻፋችሁ በፊት እንዲህ ፈትኑት። በዚያ ዘመንና በዚያ አገር ሌሎች ሠዓሊዎችም በዚሁ ትርጉም ተጠቅመውበታል? ሠዓሊው ጎላ አድርጎታል፣ ወይም ባልተለመደ ቦታ አስቀምጦታል? ከቀረው ሥዕል ጋር ይስማማል? በቀን የሚበራው አንድ ሻማ ሁለተኛውን ጥያቄ ያልፋል፤ እንግዳ ነገር ነውና። ብርቱካኑ ከሀብት ጋር ይሄዳል፤ በሰሜን አውሮፓ ያን ጊዜ ውድ ነበር። አንዱን ጥያቄ ብቻ ካለፈ «ሊሆን ይችላል» ብላችሁ ጻፉ። ይቺን ቃል አትፍሩ። መምህር ሆኜ ባርም ለእሷ ነጥብ እሰጥ ነበር።

ብርሃን፣ ጭጋግ፣ ፀሐይ

ከሕዳሴ ቀጥሎ አውሮፓ ውስጥ የመጣው ባሮክ የሚባለው አሳሳል ላይ ብዙ አልቆይም። ካራቫጆ በ1600 ገደማ የጨረሰውን የማቴዎስን መጠራት እዩ። ጨለማ ክፍል ነው፤ ከቀኝ በኩል ብርሃን ገብቶ ገንዘብ የሚቆጥሩት ሰዎች ላይ ይወድቃል። ኢየሱስ ራሱ አብዛኛው አካሉ ጨለማ ውስጥ ነው። ብርሃኑ የሚጠራውን ሰው እንጂ ጠሪውን አያጎላም። ባሮክን በአንድ ዓረፍተ ነገር ግለጹ ከተባላችሁ ከዚህ ጀምሩ።

ጭጋጉን ግን የደሴ ሰው አያልፈውም። ጀርመናዊው ካስፓር ዳቪድ ፍሪድሪሽ በ1818 ገደማ ከጭጋግ ባሕር በላይ ቆሞ የሚያይ መንገደኛ ሳለ። ሰውየው አለት ላይ ቆሟል፤ ጀርባውን ነው የምናየው። ከፊቱ ጭጋግ፣ ከጭጋጉ መሃል ብቅ ብቅ ያሉ አለቶች። ክረምት ላይ ከደሴ በላይ ያለው የጦሳ ተራራ ወገብ ላይ ቆሞ ከተማዋን የፈለገ ሰው ይሄን ሥዕል ያውቀዋል። ለምን ጀርባውን? ፊቱን ስለማናይ የሚሰማውን መገመት የእኛ ሥራ ይሆናል፤ እሱ በሚያይበት በኩል እናያለን። ሮማንቲሲዝም የሚባለው የሥዕል እንቅስቃሴ ተፈጥሮን ከሰው በላይ አግዝፎ ማሳየት ይወዳል። እዚህ ግን ሰውየው ትንሽ አይደለም፤ መሃል ላይ ጥቁር ሆኖ ቆሟል። ጌታ ነው ወይስ ጠፍቶበታል? እኔ ጠፍቶበታል ባይ ነኝ። ተማሪዎቼ ጌታ ነው ይላሉ። ሁለታችንም ከሥዕሉ ማስረጃ አለን።

ኢምፕረሽኒዝም የሚባለውን የሥዕል እንቅስቃሴ በስልካችሁ አጥኑት። ክሎድ ሞኔ በ1872 ፈረንሳይ ውስጥ «ለ ሃቭር» በምትባል ወደብ ላይ የሳለውን «ኢምፕረሽን፣ የፀሐይ መውጣት» አውጡ። የእንቅስቃሴው ስም የመጣው ከዚሁ ሥዕል ርዕስ ነው፤ በ1874 ሲታይ አንድ ጋዜጠኛ አሾፈበት፣ ሹፈቱ ስም ሆኖ ቀረ። ብርቱካናማዋ ፀሐይ ግራጫው ሰማይ ላይ ቦግ ብላ ትታያለች። አሁን ምስሉን ወደ ጥቁርና ነጭ ቀይሩት። ፀሐይዋ ልትጠፋ ምንም አይቀራት። ከሰማዩ ብዙም አትደምቅም፤ የለየቻት ቀለሟ ብቻ ነው። ይሄን በጥቁርና ነጭ ፎቶ ኮፒ የሚያዩ ተማሪዎች ምን እንደሚጽፉ እግዜር ይወቅ። ኮምቦልቻ ያላችሁ ማለዳ ቦርከና ዳር ወርዳችሁ ውሃው ላይ ያለውን ብርሃን በአጭር በአጭር ምት ለመቀባት ሞክሩ፤ ኢምፕረሽኒስቶቹ ለስላሳ ጠርዝ መሥራት ለምን እንደተዉ እጃችሁ ይነግራችኋል።

የቫን ጎህ ባለ ከዋክብት ሌሊት፣ 1889። ከፊት ለፊት ጥቁር ዛፍ እንደ እሳት ነበልባል ይወጣል። የፈረንጅ ጥድ ነው። ደቡብ ፈረንሳይ ውስጥ መቃብር ቦታ ይተከላል፤ ስለዚህ ብዙዎች ሞት ነው ይላሉ። ሠዓሊው ግን ለወንድሙ በጻፈው ደብዳቤ ስለ እነዚህ ዛፎች ያነሳው መስመራቸው እንደ ግብፅ ሐውልት ማማሩን ነው። አገራችን ደግሞ ጥድ ቤተ ክርስቲያን ዙሪያ ነው። ሦስት ስምምነቶች ሆኑ። የእናንተን መጻፍ ትችላላችሁ፤ የእሱ ነው ብላችሁ ግን አትጻፉ።

ጌርኒካ፣ ለደሴ ሰው

እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ።

በኅዳር 1928 ዓ.ም. የጣሊያን አውሮፕላኖች ደሴን ደበደቡ። ንጉሠ ነገሥቱ ከተማው ውስጥ ነበሩ። የቀይ መስቀል ምልክት ያለበት ሆስፒታል ሳይቀር ተመታ። ከአንድ ዓመት ከአራት ወር ገደማ በኋላ፣ ሚያዝያ 1937 በአውሮፓ አቆጣጠር፣ የጀርመንና የጣሊያን አውሮፕላኖች ስፔን ውስጥ ጌርኒካ የምትባል ከተማን ደበደቡ። ፒካሶ ፓሪስ ነበር፤ ዜናውን በጋዜጣ አነበበ። በዚያው ዓመት ፓሪስ ላይ ለተካሄደው ዓለም አቀፍ ኤግዚቢሽን የስፔን አዳራሽ ሥዕል ታዝዞ ስለነበር ይሄንኑ ሳለ። ስፋቱ 7 ሜትር ከ77፣ ቁመቱ 3 ሜትር ከ49 ነው። ዛሬ ማድሪድ ይገኛል።

የመጀመሪያውን ወረቀት አውጡ። ጥቁር፣ ነጭ፣ ግራጫ። ቀይ የለም፤ ደም አልተቀባም። ግራ ላይ በሬ፣ ከሥሩ የሞተ ልጇን ታቅፋ አንገቷን ወደ ላይ ያቀናች እናት። መሃል ላይ የቆሰለ ፈረስ፤ ምላሱ እንደ ጩቤ የሾለ። ከላይ አምፖል። ከመስኮት የወጣ እጅ ኩራዝ ይዟል። መሬት ላይ የወደቀ ሰው፤ የተሰበረ ሰይፍ ጨብጧል፣ ከሰይፉ አጠገብ ትንሽ አበባ አለች። ቀኝ ጥግ ላይ እጆቹን ወደ ላይ የዘረጋ ሰው። አሁን የሌለውን ጻፉ። አውሮፕላን የለም። ቦምብ የለም። ገዳዩ ሥዕሉ ውስጥ አልገባም። የሌለውን መጻፍ ከሁሉ የሚረሳው ሥራ ነው፤ እዚህ ሥዕል ላይ ግን ዋናው ነገር ነው።

ወደ ዓይኖቹ ተመለሱ። እናቲቱ በጎን ተስላለች፤ ሁለቱም ዓይኖቿ ግን በአንድ ጎን አሉ። ኩቢዝም ያመጣው ነው፤ አንድን ነገር ከተለያየ አቅጣጫ አይቶ በአንድ ገጽ ላይ መዘርጋት። ከቤተ ክርስቲያን ግድግዳ የመጣ ተመልካች እዚህ ይደናገራል። በጎን ከተሳለች ክፉ ናት? ሁለት ዓይን ካላትስ? የእኛ ስምምነት እዚህ አይሠራም፤ ፒካሶ አልፈረመበትም። እዚህ ሁለቱ ዓይን ሌላ ነገር ያደርጋል። ፊቷ በየትም በኩል ቢዞር ከሐዘኑ የሚሸሸግ ጎን የለውም። ይሄ የእኔ ንባብ ነው፤ ሌላ ካላችሁ ከመስመሩ አስረዱ።

በሬውስ? ፒካሶ አንድ ጊዜ በሬው ጭካኔና ጨለማ፣ ፈረሱ ደግሞ ሕዝቡ ነው ብሏል። ሌላ ጊዜ በሬው በሬ ነው፣ ፈረሱም ፈረስ ነው ብሏል። ስለዚህ «በሬው ፋሺዝም ነው» ብሎ ነጥብ ዘግቶ ማለፍ አያዋጣም። በሬው የት ቆሟል? ማንን ያያል? እናቲቱን ይጠብቃታል ወይስ ቆሞባታል? ሥዕሉ ላይ ያለው አቋቋም ሁለቱንም ይፈቅዳል። ጽሑፋችሁም ሁለቱን ይያዝ።

ቀለሙ ላይ ግን እርግጠኛ ሆናችሁ መጻፍ ትችላላችሁ። ጥቁርና ነጩ ሠዓሊው ዜናውን ያገኘበትን ጋዜጣ ያስታውሳል፤ የፈረሱም አካል እንደ ሕትመት መስመር በደቃቅ ጭረት ተሞልቷል። አጉሉና እዩ።

ምንም የማይመስለው

«ይሄንንማ የእህቴ ልጅም ይስለዋል» የሚባልበት ክፍል ደረስን። ይስላል ወይስ አይስልም አልከራከርም። ዘዴው ግን እዚህም ያው ነው። ነገር ከሌለ ቅርጽ አለ፣ ቀለም አለ፣ የብሩሽ ፍጥነት አለ። የትኛው ቀለም ከፊት መጣ? የትኛው ወደ ኋላ ሸሸ? እጁ ቸኩሏል ወይስ ተረጋግቷል?

ይሄ ዓይነቱ እይታ ለእኛ እንግዳ መሆን አልነበረበትም። መስጊድ ውስጥ የሰው ምስል የለም። ጌጡ ቅርጽ፣ ቅጠልና ጽሕፈት ነው። ድግግሞሹንና ሚዛኑን እያየን ነው ያደግነው፤ «ምን ይመስላል?» ብለን ጠይቀን አናውቅም።

ገብረ ክርስቶስ ደስታ ጀርመን ኮሎኝ ተምሮ መጥቶ አብስትራክት፣ ማለትም የምናውቀውን ነገር የማይመስል ሥዕል፣ ሲያሳይ አዲስ አበባ ላይ ብዙ ያነጋገረ ሠዓሊ ነው፤ ገጣሚም ነው። ከአብስትራክት ሥራዎቹ አንዱን ርዕሱን ሸፍናችሁ እዩና ጻፉ። ከዚያ ርዕሱን ግለጡና ሌላ ጻፉ። የተለወጠው ሁሉ ከርዕሱ የመጣ ነው። በአብስትራክት ሥዕል ርዕስ ምን ያህል ሥራ እንደሚሠራ በራሳችሁ ወረቀት ላይ ታገኙታላችሁ።

ሠዓሊው እስክንድር ቦጎስያን ደግሞ ፓሪስ ሄዶ ሕልም የሚመስል ዓለም ከሚስሉት ከሱሪያሊስቶች ሥራ ጋር ተዋወቀ። ግን ያን ሁሉ ከጠልሰም ጋር አገናኘው። ጠልሰም ወሎ ውስጥ ለማንም ማስረዳት የለብኝም፤ ብራና ላይ ተጽፎ የሚያዝ፣ ትልልቅ ዓይኖች የተሳሉበት ክታብ ነው። ዓይኑ እዚያ መልካምና ክፉ አይለይም፤ አጋንንትን እንዲያስፈራ ነው የተሳለ። የእስክንድርን ሥዕል «ሱሪያሊዝም ነው» ብሎ የዘጋ ሰው ግማሹን ጥሎታል። «የኢትዮጵያ ባህል ነው» ያለውም ሌላውን ግማሽ።

ወረቀቱን ወደ ጽሑፍ

የእንቅስቃሴው ስም በመጨረሻ ይምጣ። መጀመሪያ ያያችሁትን፣ ቀጥሎ እንዴት እንደተሳለ፣ ከዚያ ምልክቱንና ማስረጃውን፣ ከዚያ ማን አዘዘው፣ የት ተሰቀለ የሚለውን። ስሙ የሚመጣው ይሄ ሁሉ ካለቀ በኋላ ነው፤ እሱም ከተስማማው። «እጅግ ውብ»፣ «ጥልቅ መልእክት ያለው» የሚሉትን ሰርዙ። ለማንኛውም ሥዕል ስለሚሆኑ ስለ አንዱም አይናገሩም። አንድ አንቀጽ እንዲህ ሊሆን ይችላል፦

«ሰውየው ጀርባውን ሰጥቶን አለት ላይ ቆሟል። ልብሱና አለቱ የሥዕሉ ጥቁር ክፍል ናቸው፤ ከእሱ ወዲያ ያለው ሁሉ ገርጥቷል። የሩቁ ተራሮች ጠርዝ ጭጋጉ ውስጥ ይጠፋል፣ የእሱ ግን ጥርት ያለ ነው። ፊቱን ስለማናይ ደስታው ይሁን ፍርሃቱ አይታወቅም። በ1818 ገደማ የተሳለ ሲሆን፣ ሰውን ከተፈጥሮ ፊት ብቻውን ማቆሙ ከሮማንቲሲዝም ጋር ያስተሳስረዋል። ጭጋጉ ያልታወቀ የወደፊት ጊዜ ሊሆን ይችላል፤ መንገደኛው የቆመበት አለት ጫፍ ላይ ማለቁ ይሄን ንባብ ይደግፋል።»

በስልክ የምታዩት ቀለም ከስልክ ስልክ ይለያያል፤ ስለ ቀለም ብቻ የቆመ ክርክር ካላችሁ የሙዚየሙን ምስል ፈልጋችሁ አመሳክሩ። መጠኑንም ሁልጊዜ እዩ። ጌርኒካና አርኖልፊኒ ስልክ ላይ እኩል ናቸው።

ጽሑፉ ሲያልቅ ሥዕሉን ላላየ ሰው ስጡ። አንብቦ በእርሳስ ንድፍ ያውጣ። መሳል አልችልም ካለ በክብና በመስመር ይበቃል። ብርሃኑን በሌላ በኩል ካመጣው፣ ወይም ሰውየውን ወደ እናንተ ካዞረው፣ ከመጀመሪያው ወረቀት የጎደለ ነገር አለ፤ ትርጉሙን ለጊዜው ተዉትና እሱን ሙሉ።